ሦስተኛው መድፍ

አምቦ፣ ኅዳር 2016 ዓ.ም.

ለምወድህ ወንድሜ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናህ እንዴት ነው? የወንጪ ብርድስ እንዴት ይዞሃል? እናታችን «ጋቢው ደረሰው ወይ?» እያለች ሚኒባሱ በመጣ ቁጥር ሹፌሩን ቀነዓን ታስቆመዋለች፤ እሱም «ደርሶታል እማማ» ይላታል። «ለብሶታል ወይ?» ስትለው ግን ሞተሩን ያስነሣል። ለብሰኸው ከሆነ ንገረውና ይንገራት፣ ሰውየው በእኛ የተነሣ ነዳጁን ጨረሰ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። የእናታችን ጉልበት ክረምቱ ሲወጣ ይሻለዋል ተብሎ ነበር፤ ክረምቱ ወጣ፣ ጉልበቷ ግን አልሰማም። ሱቁም እንዳለ አለ። ጎረቤቱ ሁሉ ሰላም ብሎሃል፤ ስም ልዘርዝር ብል ወረቀቱ አይበቃኝም።

ስልክህን ሐይቅ ውስጥ ከጣልከው ወዲህ በዚህ ከተማ ደብዳቤ የሚጽፉት ፍርድ ቤት ደጃፍ ያሉት ራፖር ጸሐፊዎችና እኔ ብቻ ሆነናል። ይህንንም የምጽፍልህ ከትምህርት ቤት መልስ፣ ሱቅ ውስጥ፣ ባንኮኒው ላይ ቆሜ ነው። ሰሞኑን ወንበር አይቀበለኝም። እቀመጥና እነሣለሁ። የታጠፈ ጨርቅ ዘርግቼ መልሼ አጥፋለሁ። ክፍል ውስጥም ከሰሌዳው እስከ በሩ ስመላለስ የተማሪዎቼ አንገት ዞረ። ምክንያቱ አንተ ነህ፤ አንተና ያ ፎቶ።

ፎቶውን ስልክልህ «እነዚህ መድፎች ምን ዓይነት ናቸው?» ብቻ ብዬህ ነበር። አሁን ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ። እዚህ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ፉአድ የሚባል ሰው አለ። (እናታችን ስለ እሱ በቀነዓ በኩል የምትልክብህን ወሬ አትስማ።) የአካባቢያችንን የድሮ ፎቶዎች ከየቤቱ ለቃቅሞ ዐውደ ርእይ ሊከፍት ተነሣ፤ ከየፎቶው ሥር የሚለጠፈውን ጽሑፍ በአማርኛም በኦሮምኛም እንድጽፍለት የታሪክ አስተማሪ ነሽ ብሎ እኔን ያዘኝ። ከሰበሰበው ሁሉ የሚበልጠው የኦቦ ባይሳ ፎቶ ነው። ኦቦ ባይሳን ታስታውሳቸዋለህ፤ የጭልሞ ጫካ ሰው ናቸው፤ ሲያረጁ ብቻዎን አይኑሩ ብላ ልጃቸው መቲ ከጊንጪ አምጥታቸው እዚህ አብረው ይኖራሉ። አንተ ሕፃን ሳለህ ሱቃችን ሲመጡ ከረሜላ ይሰጡህ ነበር።

ፎቶው በጀርባው ላይ በፈረንጅ ቁጥር ሺህ ስምንት መቶ ሰማንያ ምናምን ይላል፤ የመጨረሻዋን ቁጥር እርጥበት በልቷታል። ሦስት መድፎች ጭቃ በበዛበት ሜዳ ላይ ተደርድረዋል። ከየመድፉ አጠገብ አንድ አንድ ሰው ቆሟል። ከሦስተኛው፣ ከሁሉም ከሚወፍረው መድፍ አጠገብ እጁን ጭኖበት የቆመው ወጣት ጂራ ይባላል፤ የኦቦ ባይሳ አያት ነው። የትኛው ዘመቻ እንደሆነ፣ ወደ ማን እንደተተኮሰ የሚያውቅ የለም። ቤተሰቡ ግን ከዚያ ወዲህ «ወራ መድፊ»፣ የመድፍ ቤተሰብ፣ እየተባለ ይጠራል። ሠርግ ላይ የሚፎከረው፣ ለቅሶ ላይ የሚወደሰው በዚያ መድፍ ነው።

የኦቦ ባይሳ ምኞት አንድ ብቻ ነበር፤ ከመሞታቸው በፊት የአያታቸው መድፍ ስሙ ታውቆ እንዲጻፍ። ፈረስ እንኳ ስም አለው፣ የአያቴ መድፍ ለምን ስም ያጣል አሉን። ፉአድ ሁለቱን ሳይቸገር ለያቸው። ከኋላ የሚጎርሱ ናቸው፣ ጀርመን ሠራሽ ክሩፕ ናቸው አለና ከመጽሐፍ ሥዕል ጋር እያስተያየ አሳየኝ። ሦስተኛው ግን አስቸገረው። ዙሪያውን እንደ ቀለበት የተጠመጠመ ነገር አለው፤ አፉም ተደፍኗል። ከአፉ የሚጎርስ የጥንት መድፍ ነው፣ ቀለበቶቹም እንዳይፈነዳ የታሠሩ ብረቶች ናቸው፣ አፉ ላይ ያለው ዝናብ እንዳይገባ የተደረገ ክዳን ነው ብለን ተስማማን። ተስማማን ልበል እንጂ ፉአድን ነገሩ አላማረውም። መድፍ እኮ ግራና ቀኝ ሠረገላው ላይ የሚያርፍበት ጆሮ አለው፣ ይኸኛው ጆሮው የታል እያለ ያጉረመርም ነበር። እኔም ያን ጊዜ ነው አንተን ያነሣሁት። ወንድሜ መድፈኛ ነበር፣ እሱ ይየው አልኩት።

ቆይ፣ ሰው መጣ።

ተመለስኩ። አንዲት ሴትዮ ለመጋረጃ ብላ መደርደሪያውን በሙሉ አስወረደችኝና ቀለሙ ከሶፋዬ ጋር አይሄድም ብላ ወጣች። ሶፋዋን ይዛ አልመጣች፣ እኔ ምን ላድርግ። እናታችን ጥጉ ላይ ተቀምጣ በእኔ ትስቃለች።

ወደ ፎቶው ልመለስ። ቀነዓ መልሶ ሲሰጠኝ ምንም አልጠበቅሁም ነበር። ከጦርነቱ ከተመለስክ ጀምሮ ለማናችንም አንዲት መስመር ጽፈህ አታውቅምና። ሳየው በእርሳስ ነካክተኸዋል። ከሁለቱ መድፎች መንኰራኩር ሥር አስምረሃል፤ ልክ ነህ፣ ግማሽ ድረስ ጭቃ ውስጥ ሰጥመዋል። የሦስተኛው መንኰራኩር ግን ሣሩ ላይ ነው፤ ሣሩ እንኳ በደንብ አልተኛም። ከዚያ የጂራን እጅ ከብበኸዋል። ከታች ደግሞ እንዲህ ይላል፦ «ይህ እንጨት ነው። ሰውየው ያውቃል።»

ፉአድ ግንባሩን በመዳፉ መታ። ብረቱን ብቻ እያየሁ ጭቃውን ረሳሁት አለ፤ ደስታው ደግሞ የልጅ ነው፣ ፎቶውን ይዞ ወደ መስኮት፣ ከመስኮት ወደ እኔ። እሱ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ይዞ ሮጠ፣ እኔ ሁለተኛው ላይ ቀረሁ። እንጨት መሆኑን ጭቃው ይናገራል። ሰውየው ማወቁን ግን ማን ነገረህ? ፊቱ እኮ ደብዝዟል። በማጉያ መነጽር አየሁት፣ ዓይኑ እንኳ አይለይም። ፎቶው ላይ የለም፣ ወንድሜ። ፎቶው ላይ ከሌለ ከየት አመጣኸው ብዬ ራሴን ጠየቅሁ፤ ከጠየቅሁ ጀምሮ መቀመጥ አቃተኝ።

የተመለስክ ቀን ትዝ አለኝ። እናታችን በግ አሳርዳ፣ ገበያውን በሙሉ ጠርታ፣ ለገባው ሁሉ እጅህን ይዛ «ይኸውላችሁ መድፈኛው ልጄ» ስትል። አንዱ ሽማግሌ ስንቱን አጋደምክ ብሎህ ሰው ሳቀ። አንተ እጅህን ከእጇ አውጥተህ ሄድክ። እኛ ደክሞት ነው አልን። በማግስቱ የትምህርት ቤት ጓደኛህ ጀልባ ወዳለበት ወደ ሐሮ ወንጪ ሳትሰናበት ስትወጣ ደግሞ ትዕቢት ነው ያለም ነበር፣ ስሙን አልነግርህም። እናታችን ግን አላቆመችም። ጨርቅ ለክታ በቆረጠች ቁጥር «ልጄ እኮ መድፈኛ ነው» ትላለች። ኩራቷ ነው፣ መጽናኛዋም ነው፤ የሌለህበትን ቤት በዚያ ቃል ነው የምትሞላው። አንተም የማትመጣው ለዚህ ይሆን ብዬ አሰብኩ። ወደ ወንጪ በመጣሁ ጊዜ ለምን በረንዳ ላይ እንደምትተኛ ስጠይቅህ ቤት ውስጥ ሙቀት አይመቸኝም አልከኝ። የወንጪን ሙቀት ማን አይቶት ያውቃል።

ለኦቦ ባይሳ መንገር የግድ ነበር። ዐውደ ርእዩ ሊከፈት ነው፣ ጽሑፉ እኔን ይጠብቃል። ፉአድ አብረን እንሂድ አለና ሄድን። መቲ ሻይ አቀረበችልን፤ እኔ ግን ብርጭቆውን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። «ያ ኢንታላ፣ አንቺ ልጅ፣ ተቀመጪ እንጂ፣ ዕዳ ልትጠይቂ የመጣሽ መሰልሽ» አሉኝ ሽማግሌው። ፉአድ በአክብሮት፣ ዙሪያ ጥምጥም እየሄደ አስረዳቸው፤ ጭቃውን አሳያቸው፣ ያንተንም ጽሑፍ አነበበላቸው። ኦቦ ባይሳ ፎቶውን ተቀብለው ወደ ብርሃን ዞሩ። መነጽራቸውን አውልቀው አፍንጫቸው ድረስ አስጠጉት። ሲቆጡ ምን እንደምል እያሰብኩ ነበር።

ሆዳቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ለካ ሳቅ ነው። «ኩን ጋጉራ» አሉ። ጋጉራ ቀፎ ነው፣ ወንድሜ፤ ዛፍ ላይ የሚሰቀለው የንብ ቀፎ። አንድ በአንድ በጣታቸው እየነኩ አሳዩን። ብረት ያልነው ቀለበት ቀፎው የሚጠመጠምበት ሐረግ ነው። የዝናብ ክዳን ያልነው የቀፎው መክደኛ ነው፤ እኛ የፎቶ እድፍ መስሎን ያለፍናት ጥቁር ነጥብ ንቧ የምትገባባት በር ናት። ሁለት ቀፎ ጫፍና ጫፉ ተገጥሞ፣ ጥላሸት ተቀብቶ፣ ሠረገላ ላይ ተጭኗል። መጋጠሚያው የታለ ሲባል ደግሞ የጂራ እጅ ሥር ነው። ቤተሰቡ እንደ በሬ እየደባበሰው ነው ሲል የኖረው እጅ መጋጠሚያውን የሸፈነ እጅ ነው። አንተ የከበብከው እጅ።

ልጅነቴን በሙሉ ጭልሞ ውስጥ ቀፎ ስሰቅል ያደግሁ ሰውዬ ነኝ፣ ይህን ፎቶ ግድግዳዬ ላይ ሰቅዬ ዕድሜዬን ሙሉ ሳይ ቀፎ አላየሁም አሉ። አንዴ መድፍ ነው ከተባልኩ በኋላ ዓይኔ ምን ሥራ ነበረው አሉና እንደገና ሳቁ።

መቲ አልሳቀችም። ታዲያ ከእንግዲህ በየሠርጉ ወራ ጋጉራ ሊሉን ነው ወይ አለች። መድፍ ይባል፣ መድፍ ሲባል የኖረ ነው፣ ማንን ጎዳ? ወደ እኔም ዞራ ያን ወታደር ወንድምሽን ማን ጠይቂልኝ አለሽ አለችኝ። ወንድሜ ያየውን ነው የጻፈው አልኳት፤ ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር፣ ከልቤም ተናድጄ ነበር። ፉአድ ሻዩን ያማስላል፤ ስኳር እንዳልጨመረበት ረስቶታል።

ኦቦ ባይሳ ሁለታችንንም ዝም አሰኙንና ያንተን ሁለተኛ ዓረፍተ ነገር ድገሚልኝ አሉኝ። «ሰውየው ያውቃል» አልኩ። ሳቃቸው ጠፋ። ይህ ልጅ አያቴ እንደሚያውቅ በምን አወቀ አሉ። አላውቅም አልኳቸው። ታውቂያለሽ አሉኝ።

ከዚያ ስለ ጂራ አወሩን። አርጅቶ ሳለ ያውቁታል፣ እሳቸው ትንሽ ልጅ ነበሩ። ሽማግሌው ቤት ውስጥ አይተኛም ነበር። ቁርበቱን ይዞ ቀፎዎቹ ወደተሰቀሉበት ዛፍ ሥር ይሄዳል፤ ቤተሰቡ ማር ወዳድ ነው ይላል። ድግስ ላይ ጎረምሶቹ ተነሥተው አባ መድፊ እያሉ ሲፎክሩለት ደግሞ ዘንጉን አንሥቶ ይወጣል። ትሑት ነው እንል ነበር አሉ ኦቦ ባይሳ። «እስኪሞት ድረስ ትሑት ስንለው ኖርን።» ጠላት መድፍ መስሎት ወደ ቀፎው እንዲተኩስ፣ እውነተኞቹንም እንዲተው ነው ነገሩ፤ ቀፎው አጠገብ ሰው ካልቆመ ግን ማን ያምናል? አንድ ሰው መቆም አለበት። አስመስሎ መቆም አለበት። ይህን ቆሞ ያየ እንጂ ፎቶ ያየ አያውቀውም አሉ። አሁንም ወደ እኔ አላዩም፣ ፎቶውን ነበር የሚያዩት። እኔ ብርጭቆውን አስቀምጬ ወደ በረንዳው ወጣሁና አለቀስኩ። ይህን የምነግርህ እንድታዝን አይደለም፤ ያለቀስኩት አንተ ስትመለስ ማልቀስ የነበረብንን ነው።

ስንወጣ ኦቦ ባይሳ መወሰናቸውን ነገሩኝ። ልጁ እንደጻፈው ይጻፍ፣ አያቴ ይበቃዋል አሉ። መቲ ግን እስካሁን አኩርፋኛለች፤ መንገድ ላይ ስታየኝ ወዲያ ማዶ ትሻገራለች።

ዐውደ ርእዩ ያለፈው ቅዳሜ ተከፈተ። እናታችን በዚያ ጉልበቷ እመጣለሁ አለች፤ ወይ ፉአድን ልታይ ነው ወይ ያንተን ነገር አሽትታለች፣ እኔ እንጃ። ባጃጅ እስከ በሩ አደረሰን። ከጂራ ፎቶ ፊት ስንደርስ ምን ይላል አንብቢልኝ አለችኝ። አነበብኩላት፦ «ሁለት መድፎችና አንድ ቀፎ። ጠላት እንዲተኩስበት ከቀፎው አጠገብ የቆመው ጂራ ነው። ያውቃል።» ይህን ማን ጻፈው አለች። መጨረሻውን ልጅሽ ነው አልኳት። ዕድሜው ስንት ነው ብላ ስለ ጂራ ጠየቀችኝ፤ ሃያ ቢሆነው ነው አልኩ። ሰው ከኋላችን ይገፋናል፣ እሷ ግን አልተንቀሳቀሰችም። ሻሿን አስተካከለች፣ ፈታችው፣ እንደገና አስተካከለችው። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ «እናቱስ ታውቅ ነበር?» አለችኝ።

ወንበር አምጪልኝ አለችኝ፣ አመጣሁላት። ፎቶው ፊት ተቀምጣ ቆየች። ቤት ስንመለስም ስለዚህ ነገር ቃል አልተነፈሰችም፤ ዛሬ ድረስ። የት፣ መቼ፣ ከማን ጋር ብዬ አልጠይቅህም፣ ወንድሜ። እሷም አትጠይቅህም፣ ይህን…

ይህን ላቋርጠው ግድ ሆነ፤ ሮማነወርቅ መጣች። ማዘጋጃ ቤት የምትሠራው፣ ለልጇ ዩኒፎርም ጨርቅ የምትገዛው። እንደ ልማዷ ገና ከደጅ «እንዴት ነሽ፣ መድፈኛው ልጅሽስ ደህና ነው?» አለች። እናታችን ጨርቁን በክንዷ እየለካች ነበር። ለክታ ጨረሰች፣ መቀሱን አነሣች፣ ቆረጠች። እኔ ብዕሬን ይዤ ቀጥ ብያለሁ።

«ልጄ ጀልባ ነው የሚቀዝፈው» አለቻት።

ሮማነወርቅ ቀልድ መስሏት ሳቀች። እናታችን አልሳቀችም። ጨርቁን አጥፋ ሰጠቻትና «ወንጪ ነው ያለው። ሰው ያሻግራል» አለች። ሮማነወርቅ መልካም ሥራ ነው ብላ ወጣች። እናታችን ወደ እኔ ሳትዞር ጽፈሽዋል ወይ አለችኝ። ምኑን አልኳት። አሁን ያልኩትን አለች። ይኸው ጻፍኩት።

ከዚህ ወዲያ ያለውን የምጽፍልህ ተቀምጬ ነው።

ብትመጣ በግ አይታረድም፣ ሰውም አይጠራም። በረንዳው ላይ ፍራሽ አውጥተንልሃል፤ ዝናብ እንዳይመታው ሸራ ወጥረንበታል፣ የወጠረው ፉአድ ስለሆነ ትንሽ ተንጋዷል። ኦቦ ባይሳ ከዚያ ልጅ አጠገብ ልቀመጥ ብለዋል። ልጠይቀው አይደለም፣ አያቴ አጠገብ ሳልቀመጥ ስለቀረሁ ነው አሉ። አልመጣም ካልክም እናታችን ጉልበቷ እሺ ያለው ቀን እኔ እሄዳለሁ ብላለች፤ ጀልባህ ላይ አስቀምጠህ ወዲያ ማዶ ታሻግራታለህ፣ ሌላ ነገር አትፈልግም።

አላህ ሐይቁን ያረጋጋልህ፣ እንቅልፍህን ይመልስልህ። እናታችን ደግሞ ያሻገርካቸው ሰዎች ምርቃት ሁሉ በራስህ ላይ ይውረድ ብላሃለች። ጋቢውን ልበስ።

እህትህ